ሳልቆጥር አልረከብም

አቶ ምንዳዬ በዚያ ረቡዕ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ለትንሽ ጉዳይ ነበር፤ የእድሩ ማኅተም ቀለም ስለ ደረቀ አዲስ ፓድ ለመግዛት። ድሮ ቢሆን ካዛንቺስ ብቅ ብለው፣ ከሚያውቋት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዝተው፣ ከባለቤቷ ጋር ትንሽ ተጫውተው ይመለሱ ነበር። አሁን ግን መደብሯም የለች፣ መደብሯ የነበረችበት መንገድም የለም፤ ሠፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ስለዚህ ሽማግሌው ከቂርቆስ ተነሥተው ኦሎምፒያ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሰባ ሁለት ዓመት ለሞላው ሰው መንገዱ ቀላል አይደለም፤ እርሳቸው ግን ለእድር ጉዳይ ታክሲ መሳፈርን እንደ ስንፍና ነው የሚቆጥሩት።

ማኅተሙ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። የእድሩ ዳኛ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማኅተሙን ግን ለጸሐፊዋ ለወይዘሮ እጸገነት እንኳ አምነው አያሳድሩም። ይህን ጠባይ ያመጡት ከሥራቸው ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ባለው የቀለም ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ብሎን ያለ ወጪ ደረሰኝ ከእጃቸው አልወጣችም፣ አንዲት ጣሳም ሳትቆጠር አልገባችም። ቢያንስ እርሳቸው እንዲህ ይላሉ፤ ሠፈሩም አምኖ ተቀብሏቸዋል።

ፓዱን ገዝተው ከመደብሩ ሲወጡ አንዲት ወጣት የታክሲ ሰልፏን ትታ ወደ እርሳቸው መጣች።

«ጋሽ ምንዳዬ! እንዴት አደሩ? ምን እግር ጣለዎት እስከዚህ?»

«ሃበን! እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ደህና ናት? እኔማ ለዚህች ነው የመጣሁት» አሉና ፓዱን አሳዩአት።

ሃበን የሃብተአብ ልጅ ናት። ሃብተአብ በዚያው ፋብሪካ የቀለም መቀላቀያ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ታሞ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ልጅቱ ኬሚስትሪ ተምራ አሁን ወሎ ሰፈር አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውሃና ምግብ ትመረምራለች። ሽማግሌው ይወዷታል። ነገር ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ ስለ ፋብሪካው የምታነሣው ነገር አላማራቸውም፤ «ይቺ ልጅ ነገር ታበዛለች» ማለት ጀምረው ነበር።

«ምን ሊያትሙ ነው?» አለች።

«አልሰማሽም እንዴ? ፋብሪካው ከከተማ ሊወጣልን ነው! ግቢው ለሠፈሩ ይሰጣል። ግማሹ ለልጆች መጫወቻ፣ ግማሹ ለእድራችን አዳራሽ። እስቲ አስቢው፤ በክረምት ጭቃ ላይ ድንኳን ስንጎትት የኖርን ሰዎች አዳራሽ ሊኖረን! የቀረው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ቅዳሜ በሽኝቱ ላይ አትሜ እሰጣቸዋለሁ።»

«ደብዳቤውን አንብበውታል?»

ይህ ጥያቄ አቶ ምንዳዬን ቅር አሰኛቸው። እርሳቸው ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰው ናቸው? ሃበን ነገሩ ገብቷት «ማለቴ... በቃ ሻይ ልጋብዝዎትና ለእኔም ያንብቡልኝ» አለች። እዚያው ኦሎምፒያ ካለች ትንሽ ካፌ ገብተው ተቀመጡ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ድምፃቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«‹የፋብሪካው ግቢ ሙሉ በሙሉ የፀዳና ለማንኛውም አገልግሎት ምቹ መሆኑን እያረጋገጥን፣ የአካባቢው ነዋሪ በፋብሪካው ላይ ያለፈም ሆነ ወደፊት የሚመጣ ምንም ዓይነት ቅሬታ እንደሌለው እንገልጻለን።› ይኸው። ምን ጎደለው?»

«ጋሼ፣ ‹የሚመጣ› ይላል እኮ። ገና ላልመጣ ነገር እንዴት ቅሬታ የለኝም ይባላል? ደግሞስ ግቢው መፅዳቱን ማን መረመረ? እርስዎ ናቸው የሚያረጋግጡት ወይስ እነሱ?»

«የወረቀት አጻጻፍ ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። አየሽ ሃበን፣ እናንተ ዛሬ የመጣችሁት ፋብሪካውን የምታዩት በጭሱ ነው። እኔ የማየው በዋለው ውለታ ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት አጥር ማን አጠረ? ለእድሩ ወንበር ማን ሰጠ? ውሃ በፈረቃ ሲሆን በየዓመቱ ለፋሲካ በርሜል ለየቤቱ ያደለ ማን ነው? አባትሽን ያኖረ፣ አንቺን ያስተማረ ይኸው ፋብሪካ ነው!»

«ያስተማረኝ አባቴ ነው ጋሼ። ሠርቶ ነው ያስተማረኝ። ፋብሪካው ላቡን ተቀብሎ ደመወዙን ሰጠው፤ ሒሳባቸው ተዘጋ። ለዚህ ብዬ አፌን አልዘጋም።»

ልጅቱ ድምፅዋን አላነሣችም። አቶ ምንዳዬ ግን ቀና ብለው አዩዋት፤ ሃብተአብ በስብሰባ ላይ ሲናገር እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ነገሩ ትንሽ አበሳጫቸው፤ ትንሽም ደስ አላቸው።

«ባለፈው ዓመት ሐምሌ የፋብሪካው ሳይረን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የጮኸ ቀን ትዝ ይልዎታል?» አለች።

«እንዴታ! ስንስቅ ነው የዋልነው። የፋብሪካው ሰዓት አብዶ ምሳ በአራት ሰዓት ጠራን ብለን።»

«ሰዓቱ አላበደም። የቀለም ማቅጠኛው፣ ቲነሩ፣ ከታንከር ፈሶ ነበር። ሳይረኑ ‹ራቁ› ማለቱ ነበር። የእኛ ሰው ግን ሳይረን የሚያውቀው ለምሳ ነው፤ ምሳ ሻጮቹ ድስታቸውን ተሸክመው ወደ በሩ ሮጡ። አንድ ሰው ሲጋራ ለኩሶ ቢሆን ኖሮስ? ጋሼ፣ የእድራችን ጥሩምባ ሲነፋ ሕፃኑም አሮጊቷም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እድሩ አስተምሮናል። ፋብሪካው ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠርቶን ‹ግቢያችን ውስጥ ያለው ይኼ ነው፣ ይኼ ድምፅ ከተሰማ በዚህ በኩል ውጡ› ብሎን አያውቅም። ውለታ ከመዋል በፊት ይኼ ግዴታው ነበር።»

«እሺ ይሁን። ይሄው ሊሄድ አይደል? ሳይረኑንም ይዞት ይሄዳል።»

«የሚሄድበት አገር ሰው የለም?»

አቶ ምንዳዬ ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«በርሜሉስ?» ቀጠለች ሃበን። «ለፋሲካ የሚታደለው በርሜል። እናቴ ጋ ካለው ውሃ ቀድቼ ላቦራቶሪያችን መረመርኩት። እርሳስ አለበት። ለመጠጥ ከሚፈቀደው በጣም በላይ።»

«እርሳስ?» ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «የተማሪ እርሳስ? ልጆች ሲነክሱት ይውሉ የለ እንዴ! እኔ ራሴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስንት እርሳስ በልቻለሁ!»

ሃበንም ሳቀች፤ መሳቋ ጥሩ ሆነ። «ስሙ ነው ያሳሳተን፤ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለኝ። የተማሪ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ከሰል ቢጤ ነው፤ ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። እኔ የምልዎት ብረቱን ነው። በርሜሉ ድሮ ይዞት የመጣው የቀለም ማድረቂያ ውስጥ የነበረውን። እሱ አይሸትም፣ አይመርም፣ ውሃውን አያደፈርስም። ሕፃን ሰውነት ውስጥ ከገባ ግን አእምሮውን ይጎዳል፤ ልጁ ትምህርት አልገባው ሲል ሰነፍ ነው ይባላል።»

«በርሜሉ እኮ እየታጠበ ነው የሚሰጠው! እኔ ራሴ ነበርኩ የማሳጥበው። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በግራዋ ይታሻል፣ በመጨረሻ በወይራ ይታጠናል። እንደ ጠላ ጋን ነው የምንይዘው። ከዚያ በላይ ምን ይደረግ?»

«ግራዋና ወይራ ጠላውን የሚያበላሸውን ነገር ይገድላሉ። እርሳስ ግን ሕይወት የለውም፤ የሚሞት ነገር አይደለም። ጭሱ ሽታውን አሳመረላችሁ እንጂ አላወጣውም። እንዲያውም ያሞኘን የወይራው ሽታ ነው። የወይራ ሽታ ያለው ውሃ ማን ይጠረጥራል?»

በዚህ ጊዜ የአቶ ምንዳዬ ፊት ተለወጠ። ፓዱን ኪሳቸው ከተው ብድግ አሉ። «አሳይኝ» አሉ። «ወሬ አልፈልግም። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። እንሂድ፣ አሳይኝ!»

ሃበን ለመሥሪያ ቤቷ ደውላ እንደምትዘገይ ተናገረችና አብረው ወደ ቂርቆስ ተመለሱ።  ሽማግሌው ከፊት ከፊት ሄዱ፤ ልጅቱ እንዳትቀድማቸው ይመስላል።

የሃበን እናት ወይዘሮ መብርሂት በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። አቶ ምንዳዬን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ «ይግቡ ይግቡ! ሃበን ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?» አለች። ሽማግሌው ግን አልገቡም። ግቢው ጥግ ከቧንቧው አጠገብ የቆመው ሰማያዊ በርሜል ፊት ሄደው ቆሙ። በወገቡ ላይ በቀይ ቀለም፣ በተስተካከለ የቢሮ ጽሕፈት አንድ ቃል ተጽፎበታል፤ «ታጥቧል»። ከሥሩ ደግሞ አንዲት ትንሽ «ም» አለች። የራሳቸው እጅ ናት።

«ውሃ ትጠጡበታላችሁ?» አሉ።

«እስከ ባለፈው ፋሲካ ድረስ እንጠጣበት ነበር» አለች መብርሂት። «ይቺ ልጅ ናት ያስቆመችኝ፤ አሁን ለልብስ ነው። መጀመሪያማ ተጣልቼአታለሁ። ሌላ ሰው ቢጽፍበት እጠራጠር ነበር አልኳት። የአቶ ምንዳዬ እጅ ካለበት ምን ጥርጥር አለው?»

ለምስጋና ነበር የተናገረችው። ለሽማግሌው ግን ከዚያ የከፋ ስድብ አልነበረም። ከበርሜሉ አጠገብ ካለች ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሲሳሳት መቆጣት ይቀላል፤ ሠላሳ ዓመት ሲኩራሩበት የኖሩበት እጅ ሲሳሳት ግን በማን ይቆጣሉ?

«ሃበን» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ወርዷል። «አባትሽን የገደለው... ይኼ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ። እውነቱን ነው የምነግርዎት፤ አላውቅም። ማንም አልለካውም። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር አልለኩም፣ ደሙን አልመረመሩም፣ ይኼንን ሁሉ ዓመት አንዲት ወረቀት አልጻፉም። የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ያሳመመው ይኼ ይሁን አይሁን ማወቅ የምንችልበትን በር ዘጉብን። አሁን ደግሞ እርስዎ ማኅተም አድርገው ጨርሰው ሊቆልፉት ነው።»

አጠገባቸው መጥታ ቁጢጥ አለችና ጣቷን በቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች።

«ደብዳቤውም ይኸው ነው ጋሼ። ‹ታጥቧል› ነው የሚለው። ያኔ በርሜል ላይ አስጻፉዎት፤ አሁን መሬት ላይ ሊያስጽፉዎት ነው። ሰዉም እንደ እናቴ ‹የአቶ ምንዳዬ እጅ ካለበት› ብሎ ልጆቹን እዚያ ሜዳ ላይ ይለቃል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሳይቆጥሩ የፈረሙበት ዕቃ አለ?»

«የለም!» አሉ ወዲያው።

«ሣጥኑ ተከፍቶ ሳያዩ የተረከቡትስ?»

«በፍጹም! ሳልቆጥር አልረከብም። ሚኒስትር ቢመጣ አልረከብም!»

«ታዲያ ፋብሪካው ግቢውን እያስረከበዎት ነው። ይኼ ርክክብ ነው። ማን ቆጠረው? ማን ከፍቶ አየው?»

 መልሱ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ በአቶ ምንዳዬ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው መናገር ጀመሩ።

«አንድ ጊዜ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ፊርማ ወጥቶብኛል። ሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው ከመንግሥት ወደ ግል ሊዞር፣ ቆጣሪዎች ሰኞ ሊመጡ ነው። ጊዜው ያለፈበት ማድረቂያ ነበረን፤ አርባ ሦስት በርሜል። ኃላፊው እሑድ ቀን ጠራኝ። ‹ይኼ በቆጠራ ላይ ከታየ እንጠየቃለን፤ ከኋላው አጥር ሥር ተቆፍሯል፤ ክተቱት› አለኝ። ከተትነው። አፈር አለበስነው። ወጪ ደረሰኙን ጽፌ ፈርምልኝ ብለው ሳቀብኝ። ‹ተረካቢው ማን ሊሆን ነው? መሬት?› አለኝ። እሱም ከሞተ ቆየ።»

መብርሂት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ደረሰኙ አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሣጥኔ ውስጥ ነው። የተረካቢው ቦታ ባዶ ነው። ያቺ ባዶ ቦታ ስንት ዓመት እንቅልፍ ነሥታኛለች! በስብሷል፣ አፈር ሆኗል እያልኩ ኖርኩ።»

«በርሜሉ ይበሰብሳል፤ ውስጡ ያለው ነው የማይበሰብሰው» አለች ሃበን በቀስታ። «የኋላው አጥር ሥር ነው ያሉት? አሁን ሣር የተከሉበት? ዥዋዥዌ ያቆሙበት?»

«እዚያው ነው።»

«ብናገር ሰዉ ምን ይለኛል?» አሉ ደግሞ፤ ልጅቱን ሳይሆን በርሜሉን እያዩ። «አዳራሹን ያስቀረው እሱ ነው ይለኛል። መርዝ ያደለን እሱ ነው ይለኛል።»

«ሊቆጣዎት ይችላል። እኔም ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ግን አላወቁም ነበር፤ ማወቅ የነበረበት ፋብሪካው ነው። ከዛሬ በኋላ ግን አላውቅም ማለት አይችሉም።»

እንደዚህ ያለ ንግግር ከልጅ አፍ ሲወጣ ብዙ ሽማግሌ ይቆጣል። አቶ ምንዳዬ አልተቆጡም። ከዱካው ተነሥተው መጀመሪያ የጠየቁት «ምን እንጠይቃቸው ታዲያ? በሥርዓት ንገሪኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ» ብለው ነው። እስከ ቀትር ድረስ እዚያው ቁጭ ብለው ጻፉ፤ እርሷ እየነገረች፣ እርሳቸው እየጠየቁ። ጉድጓዱ በሚያውቅ ባለሙያ እንዲቆፈር፣ በርሜሉ ተቆጥሮ በሕጉ መሠረት እንዲወገድ፣ አፈሩና በአካባቢው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ፋብሪካው ባልመረጠው ላቦራቶሪ እንዲመረመር፣ በየቤቱ ያለው ሰማያዊ በርሜል ሁሉ እንዲሰበሰብና ምትክ እንዲሰጥ፣ የልጆቹ ደም እንዲታይ። ሃበን የራሷን ላቦራቶሪ ስም አላስጻፈችም፤ «የሠፈሩ ልጅ ናት እንዳይሉ» አለች። አቶ ምንዳዬ ይህን ወደዱላት።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት የፋብሪካው ግቢ ሞላ። ድንኳን ተተክሏል፣ ለስላሳ ተደርድሯል፣ አዲሱ ሣር ውሃ ጠጥቶ ያበራል። የተበተኑት የካዛንቺስ አባላት ሳይቀሩ ከያሉበት መጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ አሉላ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው፤ ስለ ጉርብትና ጥሩ ንግግር አድርጎ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ለሽማግሌው አቀረበ።

አቶ ምንዳዬ ብድግ አሉ። ከኪሳቸው ማኅተሙን ሳይሆን በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ ወረቀት አወጡ፤ ጠርዙ ተበልቷል።

«አቶ አሉላ፣ እኔ እዚህ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ አስረክቤያለሁ። አንድ ደረሰኝ ግን ሳይፈረምልኝ ቀርቷል። አርባ ሦስት በርሜል የቀለም ማድረቂያ። ያለው እዚያ ነው» ብለው ዥዋዥዌውን በጣታቸው አሳዩ። «ሣሩ ሥር። እኔ ነኝ ያስቀበርኩት።»

 ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታ ተነሣ። አንዱ «እርስዎ? እርስዎ ጋሽ ምንዳዬ?» አለ። አንዲት እናት ከዥዋዥዌው ላይ ልጇን አውርዳ እየጎተተች መጣች።

«አዎ፣ እኔ። በየቤታችሁ ያለው በርሜል ላይ ‹ታጥቧል› ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አልታጠበም። ዛሬ በአደባባይ እነግራችኋለሁ፤ አልታጠበም! ውሃ እንዳትጠጡበት። ለዚህ የምትሉኝን ሁሉ በሉኝ፤ የሚገባኝ ነው። ግን ሁለተኛ ‹ታጥቧል› ብዬ አልጽፍም። ይኼ ደብዳቤ ላይ ይኼ ማኅተም አያርፍም!»

አሉላ ክራቫቱን አላላ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይህን አላውቅም ነበር። በእኔ ጊዜም አይደለም፤ በእኛ ድርጅት ጊዜም አይደለም። እኛ የገዛነው ኋላ ነው።»

«ልጄ፣ ግቢውን ስትገዙ ጉድጓዱም ግቢው ውስጥ ነበረ። ትርፉን ተረክባችሁ ጉድጓዱን አልተረከብንም ማለት አይቻልም። ‹አላውቅም ነበር› ያልከው እውነት ነው፤ አምኜሃለሁ። እኔም ስለ በርሜሉ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም አወቅን።»

ከኋላ በኩል አንድ ጎልማሳ «አዳራሹስ? አዳራሹ ሊቀርብን ነው?» ብሎ ጮኸ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። እውነት ለመናገር አዳራሹን የማይመኝ አልነበረም፤ አቶ ምንዳዬም ከሁሉ የበለጠ ይመኙት ነበር።

«እድር ለምንድን ነው ያቋቋምነው?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ለመቅበር ነው? ለመቅበርማ ሰው አይጠፋም! እንድንተሳሰብ ነው። ልጆቻችን መርዝ ላይ እየተጫወቱ እኛ አዳራሽ ውስጥ ሆነን ስለ ቀብር እንመክራለን? ግቢው የእኛ ነው፤ እንወስደዋለን። ግን ተቆጥሮ፣ ተመርምሮ፣ ንጹሕ ሆኖ። ሳልቆጥር አልረከብም!»

ቀጥለውም ደረሰኙንና ባለ ሁለት ገጹን ጥያቄ አሉላ ፊት አስቀመጡና እስክሪብቶ ዘረጉለት። «የተረካቢ ፊርማ እዚህ ጋ ነው።»

አሉላ ከበላዮቹ ጋር ሳይመክር መፈረም እንደማይችል ተናገረ። ሽማግሌው «ምከር» አሉት። «እኛ እንቆያለን። እድሩ ገና አልተበተነም።»

የእድር ስብሰባ ዳኛው «ተበትኗል» ሳይል አይበተንም፤ ሥርዓቱ ነው። ወይዘሮ እጸገነት መዝገቧን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። መብርሂት ተቀመጠች። ሲያጉረመርም የነበረው ጎልማሳ ለጊዜው ቆሞ አመነታና እርሱም ወንበር ሳበ። የስድስት ሰዓቱ ሳይረን ጮኸ፤ ለምሳ የተነሣ ሰው አልነበረም። አሉላ ከአጥሩ ሥር ሲመላለስ፣ ስልክ ሲያነሣ ሲያስቀምጥ ሰዉ ከወንበሩ ሆኖ አየው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ ቁጭ አለና እስክሪብቶውን ተቀበለ። «አባቴ፣ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል» አለ። «ግን እኔም ልጆች አሉኝ።» ባዶዋ ቦታ ላይ ፈረመ።

አቶ ምንዳዬ ያኔ ነው ማኅተሙን ያወጡት። አዲሱን ቀለም አስነክተው የመቱት በጥያቄው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሠፈሩ በዓይኑ ያየው ነው። ሣሩ ተነሥቶ ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ጭምብልና ጓንት ያደረጉ ሰዎች የዛገውን ብረት አንድ በአንድ አወጡ። ከየቤቱ ዘጠና ሁለት ሰማያዊ በርሜል ተሰብስቦ በምትኩ ንጹሕ ማጠራቀሚያ ታደለ። የልጆቹ ደም ተመረመረ፤ ስድስቱ ላይ እርሳስ ተገኝቶ ክትትል ጀመሩ፤ ከስድስቱ አንዷ «ሰነፍ» ተብላ ሁለት ጊዜ ክፍል የደገመች ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም የጠራት የለም። ፋብሪካው በሚሄድበት አዲስ ቦታም በሩ ላይ ውስጡ ያለው ነገር በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ተሰቀለ፤ የሳይረኑን ትርጉም ለጎረቤቶቹ የሚያስረዳ ስብሰባ ተጠራ፤ ከቂርቆስ እድር ሃበን ሄዳ ተናገረች። ይህ ሁሉ የመጣው ማንም ደግ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ አልነሣም ስላለ ነው።

በቁፋሮው በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቁፋሮው ኃላፊ እጁን አራግፎ ወደ አቶ ምንዳዬ መጣ። ሽማግሌው በየቀኑ ወንበራቸውን ከገመዱ ውጪ አስቀምጠው፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ሃበን ከአጠገባቸው ቆማለች፤ አሉላም አለ።

«አለቀ አባባ» አለ ኃላፊው። «አፈር ብቻ ነው ያለው። መፈረም ይችላሉ።»

አቶ ምንዳዬ በእርሳስ ያሠመሩትን መሥመር በጣታቸው ተከትለው እስከ መጨረሻው ወረዱ። ሁለተኛ ቆጠሩ።

«አርባ አንድ ነው» አሉ።

«ሁለቱ ምናልባት በስብሰው ይሆናል። ሠላሳ ዓመት እኮ ነው።»

ሽማግሌው ማኅተሙ ያለበትን ኪሳቸውን በመዳፋቸው ከደኑና ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ሁለት ይቀራል» አሉ። «ቆፍሩ።»